ጋሽ ፉጨት ያልሰማው ደወል

ልጆቹ «ጋሽ ፉጨት» ይሉት ነበር። በክፋት አልነበረም። ሌሎቹ መምህራን ክፍል ጸጥ ለማሰኘት ጠረጴዛ ሲደበድቡና ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሲጮኹ፣ እሱ ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ አንዲት ረጅም ፉጨት ይለቃል፤ ያኔ ያ ሁሉ ጫጫታ ውኃ እንደተደፋበት ፍም ጭጭ ይላል። ሙዚቃ ሲያስተምር ፀጉሩ ሸብቷል። ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከስፖርት ዕቃ ማከማቻው ጎን ነው፤ የተሰጠውም ጩኸቱ ማንንም እንዳይረብሽ ተብሎ ነው። ንብረቱ የሚያኮራ አይደለም። አንዳንድ ቁልፎቹ ዲዳ የሆኑ ኪቦርድ፣ ሁለት ከበሮ፣ ጥራጥሬ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችና እጀታዋ በቀይ ክር የተጠቀለለ አንዲት ትንሽ ደወል አሉት።

የትምህርት ዘመኑ የመጨረሻ ሳምንት ደረሰ። ፈተናው አልፏል፤ ልጆቹ ገላቸው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ልባቸው ዕረፍት ከወጣ ሰነባብቷል። በዚህ ሳምንት ሌላው መምህር ወይ መደርደሪያ ያስወለውላል፣ ወይ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሰዓቱን ያያል። ጋሽ ፉጨት ግን ከዓመቱ ሁሉ የሚወደው ይህንኑ ሳምንት ነው። ክፍሉን በባለቀለም ወረቀትና በፊኛ ያሸበርቀዋል፤ በሩ ላይ «የጆሮ በዓል» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያም ማስተማሩን ትቶ ያጫውታል። ቢያንስ ልጆቹ የሚመስላቸው እንደዚያ ነው።

በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ሣጥን ይዞ ይመጣና ያንቀጫቅጨዋል። ውስጡ ያለው ቁልፍ ይሁን ብይ፣ እርሳስ ይሁን ማንኪያ፣ በጆሮው ብቻ የለየ ከረሜላ ይሸለማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ልጅ ያስወጡና ኮፍያ ይደብቃሉ። ልጁ ተመልሶ ሲፈልግ ክፍሉ በሙሉ ይዘፍናል፤ ወደ ኮፍያው ሲቀርብ ዘፈኑ ይደምቃል፣ ሲርቅ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ማድመቅና ማለዘብ ምን እንደሆነ እንዲህ ሲማሩ ማንም አያንቀላፋም።

ከሁሉ የሚወደደው ጨዋታ ግን «ንጉሡ ተኝቷል» ነው። አንዱ ንጉሥ ሆኖ ዓይኑን በሻሽ ይታሰርና መሐል ይቀመጣል። ሌሎቹ ክብ ሠርተው ያቺን ትንሽ ደወል፣ እንዳትጮኽ እየተጠነቀቁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፏታል። ደወሏ ቅጭል ካለች ንጉሡ ድምፁ ወደመጣበት ይጠቁማል፤ የተጠቆመበት ልጅ ከጨዋታው ይወጣል። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ በበሩ በኩል የሚቀመጡት አንድ ወገን፣ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት ሌላ ወገን። ብዙ ሰው ሳይወጣበት ደወሏን ያዞረ ወገን ያሸንፋል።

ያን ቀን ልጆቹ እሱ ራሱ ንጉሥ ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉ። እምቢ ማለት አያውቅበትም፤ ሻሹን ታስሮ ቁጭ አለ። መጀመሪያ የበሩ ወገን አሳለፈ። አንዱ እጀ ሰባራ ደወሏን ወለሉ ላይ ጣላት፤ ጋሽ ፉጨት በኩራት ጠቆመ፤ ልጁም ወጣ። ቀጥሎ የመስኮቱ ወገን ሆነ።

የመስኮቱ ወገን አለቃ «ቁንዶ» የምትባል ልጅ ነበረች። በቁመት ከክፍሉ የመጨረሻ፣ በምላስ የመጀመሪያ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ብታንስም ታቃጥላለች ተብሎ ነው። ደወሏ ከእነሱ አንዱ እጅ ላይ ሁሉም ሰው እንዲሰማው አድርጋ ቅጭል አለች። ንጉሡ ዝም። እንደገና ቅጭል። ንጉሡ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ነው። ልጆቹ ተያዩ፤ አንዱ አፉን በመዳፉ አፈነ። ቁንዶ ደወሏን ተቀበለችና በጣቷ ጫፍ እየሄደች መጥታ፣ በግራ ጆሮው አጠገብ እጇን ከፍ አድርጋ አንቀጨቀጨቻት።

«በሉ እንጂ ጀምሩ» አለ ጋሽ ፉጨት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ሻሹን ገፋ አድርጎ ሲያይ፣ የቁንዶ እጅ ከጆሮው አንድ ጋት ራቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ደወሏም ከእጇ ጋር ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅ ግን የለም። ደወሏ ጨርቅ የተወተፈባት መስሎት ነበር። ጨርቅ የለባትም።

ያልሰማው እሱ ራሱ መሆኑ ገባው። ቢሆንም የመምህርነት ዘመኑ ብልኃት አላሳጣውም፤ ንጉሥ ቢሰማም ለበዓል ሲባል ይቅር ይላል ብሎ ቀለደ፤ ልጆቹ የበለጠ ሳቁ። ያልሳቀችው ቁንዶ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረት አለችና፣ በእርግጥ ሰምቶ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችው። ሰምቻለሁ አላት። ለአፍታ ዓይን ዓይኑን አይታው ሄደች።

ብቻውን ሲቀር በሩን ዘጋና ደወሏን አነሣ። በቀኝ ጆሮው በኩል ሲያንቀጨቅጫት፣ ከሩቅ ሠፈር እንደመጣች ዓይነት ስልል ያለች ድምፅ ሰማ። በግራው ምንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው፣ ሰው የሚታማውን አይሰማም ለማለት ነው፤ የእሱ ግን እውነተኛ ባዳ ሆነበት። አንዲት ትንሽ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ የዓመቱን ነገር ያስብ ጀመር። ስልኩ ተበላሸ ብሎ ሁለቴ አሠርቷል። ሰው ሁሉ ዘንድሮ ቃል ማኘክ ለመደ ብሎ ሲያማርር ከርሟል። ርዕሰ መምህርቷ ኮሪደር ላይ የምትነግረውን እየሳቀና አንገቱን እየነቀነቀ ያልፋል፤ ለምን እንደሚስቅ ግን አያውቅም። የሙዚቃ መምህር ጆሮው ከከዳው ምን ቀረው? ይህን ለራሱ ጠየቀና መልሱን ፈርቶ ተነሣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሳሎኑ ጥግ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተፋጥጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤት መዝጊያ ሲደርስ የሠፈሩ እናት ሁሉ ለልጇ ቀሚስና ሱሪ ስለምታሰፋ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። ምንም ሳይነግራት ለማደር ቆርጦ ነበር። እሷ ግን ጨርቁን በሁለት እጇ እንደያዘች አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ተነሥቶ ሄዶ በሩን ዘጋ።

ሲመለስ ፊቷን አየ። «ክሩን ያዝልኝ» ነበር ያለችው። ሌላ ቀን ቢሆን፣ በሩን ዝጋልኝ ብለሻል አላልሽም እየተባባሉ ራት እስኪቀርብ ይሟገቱ ነበር። ያን ቀን ግን ከጎኗ ቁጭ ብሎ የደወሏን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ሚስቱ አልደነገጠችም። ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ አልጋ ላይ ቦታ የቀየረችውም፣ መንገድ ላይ ሁልጊዜ በቀኙ የምትሄደውም ለዚሁ እንደሆነ አጫወተችው። እሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ፍቅር ነበር የመሰለው።

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ፣ ምነው ታዲያ አልነገርሽኝ?»

«ስንቴ ነገርኩህ» አለች፣ መርፌውን ሳትለቅ። «አልሰማኸኝማ።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ግን ከሳቁ በኋላ ሸክሙ ለሁለት የተያዘ ያህል ቀለለው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ የሰው ቀሚስ እጅጌ ሳይገጠምለት ትታ፣ ይዛው ወደ ጆሮ ሐኪም ሄደች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ቀልድም አያጣም። በእጁ በያዛት ትንሽ መብራት ቀኝ ጆሮውን አየት አደረገና፣ ይህን ጆሮ ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኘው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ እያጠበ፣ እዚያ ውስጥ ቤት ሠርቶ የኖረውን ኩክ ማስለቀቅ ጀመረ። የመጨረሻው ቁራጭ ሲወጣ ጋሽ ፉጨት ከወንበሩ ዘለል አለ፤ የሐኪሙ ረዳት ወረቀት ያጠፈች ጊዜ ቆርቆሮ የተቀደደ መሰለው። ግራው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ሐኪሙ ማዳመጫ አጥልቆለት ቀጫጭን ድምፆች ሲለካለት ቆየና፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ በቀኙ በኩል ተቀመጠ። የግራው ጆሮ ከዕድሜ ጋር፣ በዚያ ላይ ዓመታት ሙሉ ከከበሮ አጠገብ በመቆም ደክሟል፤ የሄደው አይመለስም አለው። የሚረዳ ትንሽ የጆሮ መሣሪያ እንዳለ፣ በልኩ ተሠርቶ እስኪመጣ ጥቂት መታገሥ እንዳለበትም ነገረው። ማስተማር ማቆም ይኖርብኝ ይሆን ብሎ ሲጠይቀው፣ ሐኪሙ ጥያቄው አልገባውም። ማቆም ያለበት ከበሮውን ግራ ጆሮው ሥር ማስመታት ነው አለው።

ሲወጡ መንገዱ ሠርግ ቤት ሆኖ ጠበቀው። የፌስታል ኮሽታ፣ የጫማ ተረከዝ ኳኳታ፣ የብስክሌት ሰንሰለት፤ ከሰው ደጅ ደግሞ አንዱ አካፋ ሲፍቅ። እያንዳንዱን ለሚስቱ እየነገረ ሄደ። እሷ እኔ ሁሌም የምሰማው ነው ብላ ብትስቅበትም፣ አልፎ አልፎ ቆም እያለች አብራው አዳመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ ከክፍሉ የሚወጣው ጩኸት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተቀበለው። የበሩ ወገንና የመስኮቱ ወገን ተፋጠዋል። የበሩ ወገን ክስ ግልጽ ነው፦ የእኛ ሰው አንዴ ቢጥላት ተጠቆመበት፤ እነሱ ግን ጆሮው ሥር እያንቃጨሉ አለፋቸው፤ ስለዚህ ጋሼ ለቁንዶ አድልቷል። ያ የተጠቆመበት ልጅ ዓይኑ ቀልቷል። ከሁሉ የገረመው የቁንዶ ነገር ነው። እንደ ወትሮዋ ምላሷን ብትመዝ ኖሮ በአንድ ቃል ትረታቸው ነበር፤ ምክንያቱን ታውቃለችና። እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ስድቡን ሁሉ ችላ ቆማለች።

ጋሽ ፉጨት ይህን ሲያይ ከልቡ አፈረ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ አድሏዊ መባል፣ ወይ ደንቆሮ። አላፏጨም። ወንበሩን ስቦ መሐላቸው ተቀመጠ።

«አላደላሁም» አለ። «ደወሏን አልሰማኋትም። ሰምቻለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው። ግራ ጆሮዬ ደክሟል፤ እኔም ያወቅሁት ከእናንተው ጋር ስጫወት ነው።»

ያዝኑልኛል ወይም ይንቁኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ አንዱ ከኋላ እጁን አወጣና፣ እስከ ዛሬ በግራ በኩል ስናወራ አይሰሙንም ነበር ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ ሲለው በግራው በኩል የሚቀመጠው የመስኮቱ ወገን ባለፈ ነገር አንጀቱ ተቃጠለ፤ ይህን ያህል ነፃነት ሳይጠቀሙበት ዓመቱ አልቋል። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ፤ ያማል ወይ፣ ንብ ይሰማሉ ወይ፣ በሕልም ይሰማል ወይ። ቁንዶ ደግሞ ትንፋሿን እፎይ ብላ ከለቀቀች በኋላ፣ የሚሰማውንና የማይሰማውን እንፈትን የሚል ሐሳብ አመጣች። ዓይኑን አስረው በግራው በኩል ያላቸውን ሁሉ አሰሙት። ከበሮውን ሰማ። የጠርሙሶቹን ጥራጥሬ ግማሽ በግማሽ ሰማ። የፊኛ መፍረጥ አስደነገጠው። ወረቀትና ቁልፍ አለፉት። ከመቶ ሠላሳ አግኝቶ ፈተናውን እንደወደቀ ሲነግሩት፣ ቁንዶ አጽናናችው፤ እሷም በሒሳብ ከዚያ የባሰ አምጥታ ታውቃለች።

ሳይስማሙ የቀሩት ውጤቱ ላይ ብቻ ነበር። ብዙ ተከራክረው፣ ጨዋታው እንደ አዲስ እንዲጀመርና ንጉሥ ለመሆን ጆሮው የማያደላ ሰው እንዲፈለግ ወሰኑ። ይህን ጊዜ አንዱ፣ ለምን ነገ ለወላጆች በዓል ወላጆቻችንን አናነግሥም አለ።

የወላጆች በዓል ሁልጊዜ በአንድ መልክ የሚሄድ ነገር ነው። ልጆች ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ ወላጆች ስልካቸውን አንሥተው ይቀርፃሉ፤ ርዕሰ መምህርቷ ትናገራለች፤ ትናገራለች፤ ከዚያ ሁሉም ይሄዳል። ርዕሰ መምህርቷ ጥሩ ሰው ናት፤ ወሬ ከጀመረች ግን ነጥብ የት እንደሚደረግ ይጠፋታል። ጋሽ ፉጨት ከመዝሙሩ በኋላ ጨዋታ እንዲጨመር ሲጠይቃት፣ ተገርማ ካየችው በኋላ ፈቀደች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመዝሙሩ በኋላ ልጆቹ መድረኩ ላይ ክብ ሠርተው የመጀመሪያዋ ንግሥት ርዕሰ መምህርቷ እንድትሆን ለመኗት። ደስ ብሏት ሻሹን ታሰረች። ግን ዝም ማለት ከየት ይመጣል! ደወሏ እንዴት እንደምትያዝ፣ በልጅነቷ የዚህ ዓይነት ጨዋታ እንደነበር፣ ማዳመጥ ለአንድ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስታስረዳ፣ ደወሏ ከኋላዋ እየተንቃጨለች ክቡን ዞራ ጨረሰች፤ ከሁለቱም ወገን አንድም ልጅ አልወጣም። ሻሹን ፈትታ መቼ ነው የምትጀምሩት ስትል ጣራው ሊነሣ ደረሰ። እሷም ነገሩ ሲገባት ፊቷን በሻሹ ሸፍና ከሁሉም አብልጣ ሳቀች።

የመጨረሻው ጨዋታ ልጅን በድምፁ ማግኘት ነበር። የተወሰኑ ወላጆች ዓይናቸውን ታስረው አዳራሹ መሐል ቆሙ። ልጆቻቸው በየጥጉ ሆነው አንድን ዜማ ያለ ቃል፣ አፋቸውን ገጥመው ያንጎራጉራሉ፤ ወላጅ የራሱን ልጅ ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል። አንድ ግዙፍ አባት በሙሉ ልቡ ተራምዶ የጎረቤቱን ልጅ አቀፈ፤ የልጁ አባት ከተመልካቹ መሐል፣ ካገኘኸው ወዲያ አትመልሰው፣ እኛም እንረፍ ብሎ ሰው አሳቀ። አንዷን እናት ወንበር አደናቀፋት፤ ሌላዋ ልጇን ብታጣው ጊዜ ሳል ብለህ አሳውቀኝ አለችው።

የቁንዶ እናት ነርስ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ሻሹን ስትታሰር ጋሽ ፉጨት ተጨነቀ። ቁንዶ አትዘፍንም። ዓመቱን ሙሉ በግራው በኩል ተቀምጣ አፏን ብቻ የምታንቀሳቅስ ይመስለው ነበር፤ በንግግር የሚቀድማት የለም፣ ዘፈን ላይ ግን ዓይን አፋር ናት ብሎ ትቷት ነበር። እናትየው ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት ቆመችና ቀጥ ብላ ሄደች፤ አንድም ጊዜ አልሳተችም። ጋሽ ፉጨት ቀኝ ጆሮውን ወደዚያው አዞረ። ያን ጊዜ ሰማት። ቀጭን፣ ጥርት ያለች፣ ከዜማው ፀጉር ያህል የማታፈነግጥ ድምፅ። ለካ ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ስትዘፍን ኖራለች።

በዓሉ ሲያበቃ እናትና ልጅን ጠርቶ ለሁለቱም ይህንኑ ነገራቸው፤ ቁንዶንም በመጪው ዓመት በቀኜ ተቀመጪ አላት። ቁንዶ እናቷ ጀርባ ተሸሸገች። እናቷ ናት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ዝም ማሰኘት አልቻልንም ብላ የመለሰችለት።

ወንበር ሲሰበሰብ ርዕሰ መምህርቷ አጠገቡ መጣች። የጆሮውን ነገር ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት ራሱ ሊነግራት ወስኖ ነበርና፣ ሥራዬን ቢያሳጣኝም ያሳጣኝ ብሎ ነገራት። እሷ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ይኸውልዎ መምህር» አለችው፣ «እኔ እኮ ንቀውኝ ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ተቀይሜዎት ነበር። በተናገርኩ ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው እየሳቁ ያልፉኛል።»

እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እሷም ስትጠይቅ፣ ማን ማንን እንደበደለ ተምታታ። ወዲያው ደግሞ ወንበሯን አንሥታ በቀኙ በኩል ተቀመጠችና፣ ዓመቱን ሙሉ ነግራው ያልሰማውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። በዓሉን ልታይ የመጣችው ሚስቱ ከበሩ ሆና ብትጠቅሰውም ማምለጫ አልነበረውም። ቢሆንም ከሰማቸው መሐል ለሙዚቃ ክፍሉ አዲስ ኪቦርድ ላስፈቅድልዎ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃው እንደነበር ይገኝበታል።

የጆሮ መሣሪያው ዕረፍቱ ከተጀመረ በኋላ መጣ። ከባቄላ ብዙም አይበልጥም። ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ አስገጠመና፣ ቤቱ ሲደርስ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ቆመ። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቀሚስ ትሰፋለች፤ እየሰፋችም ታንጎራጉራለች። በትዳር ሲኖሩ ስታንጎራጉር ብዙ ጊዜ አይቷታል፤ እንዲህ ጥርት አድርጎ ግን ሰምቷት አያውቅም። ዜማው የሚያውቀው ነው። እሷ ግን ከፍ ማለት ሲገባት ዝቅ ትላለች፤ ዝቅ ማለት ሲገባት ወደ ሌላ መንገድ ትታጠፋለች፤ ከዚያ ደግሞ ደስ እንዳላት ትመለሳለች።

የሰማችው ኮቴውን ነው መሰል ዞር ብላ፣ እንዴት ነው፣ ይሰማል ወይ አለችው።

በደንብ ይሰማል አላት። ከዚያ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠና ክሩን እየያዘላት፣ ያቋረጠችውን እንድትቀጥል ለመናት።